ቤንዚን ወይስ ባትሪ? ለደን ሥራ የሞተር መጋዝ ስትገዙ

ስለ ሞተር መጋዝ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ጉልበት ነው። ስንት ሲሲ ነው? ስንት ኪሎዋት? ባሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ ስንት ሴንቲሜትር? ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ግን ደን ውስጥ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ እየቆረጠ አይውልም። ዛፉን ዞሮ ያያል፣ የሚወድቅበትን አቅጣጫ ይመርጣል፣ የሚሸሽበትን መንገድ ያጸዳል፣ ሽብልቅ ይመታል፣ ሰንሰለት ይሞርዳል፣ መጋዙን አንጠልጥሎ ወደሚቀጥለው ዛፍ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት መጋዞችን ሳወዳድር በይበልጥ የማየው በአንዱና በሌላው ቁርጥ መሀል የሚሆነውን ነው። እዚህም የማወዳድረው በዚሁ ዓይን ነው።

ጋኑና ባትሪው

ከሒሳቡ እንጀምር። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይዟል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ከዚያ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአምስት አንዱን፣ ቢበዛ ከአራት አንዱን ነው። የቀረው ሙቀትና ጭስ ሆኖ ይወጣል። ግማሽ ሊትር ገደማ የሚይዝ የመጋዝ ጋን እንግዲህ ሰንሰለቱ ላይ የሚያደርሰው ወደ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስቲል ከሚባለው የመጋዝ አምራች ትልልቅ ባትሪዎች አንዱ፣ ኤፒ 500 ኤስ፣ 337 ዋት ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ አንድ ጋን ቤንዚን ሦስት ትልልቅ ባትሪዎችን ያህላል። እያንዳንዱ ባትሪ ደግሞ ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 3 ኪሎዋት መጋዝ በሙሉ ጉልበት ያለማቋረጥ ቢቆርጥ፣ ጋኑ 20 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፤ ባትሪው 7 ደቂቃም አይሞላም።

ይህን ያየ ሰው ባትሪውን እዚሁ ይጥለዋል። ትንሽ ይታገስ። የቤንዚን ሞተር ሳይቆርጥም ይጠጣል። ቅርንጫፍ ስትመለምሉ አንዷን ለመቁረጥ ሁለት ሰከንድ ይበቃል፤ ከዚያ እግር ይቀየራል፣ ግንዱ ይታለፋል፣ ሞተሩ ግን በሚኒሞ፣ ማለትም ሳይቆርጥ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ እየጮኸ ይጠብቃል። የባትሪው ሞተር ጣታችሁን ከማስነሻው ስታነሱ ይቆማል፤ ምንም አይወስድም። ስለዚህ በመመልመልና ቀጫጭን ዛፎችን በማሳሳት ሥራ ላይ በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት ሒሳቡ ከሚያሳየው በጣም ይጠባል። ወፍራም ግንድ በቀጥታ ስትቆራርጡ ግን ሒሳቡ እውነት ነው።

ሌላው ጥያቄ ቻርጅ የሚደረገው የት ነው የሚል ነው። መኪናችሁ ወይም መብራት ያለበት ቤት ቅርብ ከሆነ ችግር የለም። ጫካ ውስጥ ጄኔሬተር ይዞ መሄድ ካስፈለገ ግን ቤንዚኑ ሄዶ ሄዶ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ቅዝቃዜም አለ። የሊቲየም ባትሪ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቻርጅ መደረግ የለበትም። በብርድ አገር የሚሠራ ሰው መለዋወጫ ባትሪውን ኮቱ ውስጥ ይይዛል።

ቤንዚኑም የራሱ ጣጣ አለው። ዘይትና ቤንዚን መቀላቀል አለበት። የአሁኖቹ መጋዞች አብዛኞቹ 50 ለ 1 ይፈልጋሉ፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ማለት ነው። ዘይቱ ከተረሳ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ ከዚያ ይጣበቃል፣ መጋዙም አለቀለት። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን እርጥበት ይስባል። ተቀላቅሎ ወራት ከቆየ ካርቡራተሩን ያበላሻል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ መጋዝ የሚያነሳ ሰው ከሥራው ይልቅ በማስነሻው ገመድ የሚደክመው ለዚህ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ገዢ መልሱ ባትሪ ነው፤ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ሦስት ወር ተቀምጦ የነበረ የባትሪ መጋዝ ባትሪው ሲገባለት ይሠራል።

አንድ ነገር ሁለቱም እኩል ይፈልጋሉ፤ የሰንሰለት ዘይት። ባትሪ ስለሆነ ዘይት አይፈልግም ብሎ በደረቁ የሚቆርጥ ሰው ባሩን በአጭር ጊዜ ያቃጥለዋል።

ከፍታ ላይ

ይህ ነጥብ በሻጮች ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገኝም። አየር ሲሳሳ የቤንዚን ሞተር ይደክማል። በግምት በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 2500 ሜትር ላይ የሚሠራ ባለ 3 ኪሎዋት መጋዝ በወረቀት ላይ እንደተጻፈው አይደለም። ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ደግሞ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል። በስቲል ኤም-ትሮኒክ፣ በሌላው አምራች በሁስክቫርና ኦቶቱን የሚባሉት ሥርዓቶች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። የባትሪ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ግድ አይሰጠውም።

ታዲያ ራሱን የሚያስተካክል ካርቡራተር ይሻላል? ጠጋኙ ቅርብ ከሆነ፣ አዎ። መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ሩቅ ከሆነ ግን በጠመንጃ መፍቻ የሚስተካከለውን አሮጌውን ዓይነት እመርጣለሁ።

ጆሮና እጅ

የቤንዚን መጋዝ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው የሠራተኛው ጆሮ ላይ የሚያደርሰው ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። የባትሪው ያንሳል፤ ቢሆንም የጆሮ መከላከያ አይቀርም። ትልቁ ልዩነት ሲቆረጥ የሚሰማው ድምፅ አይመስለኝም። ሳይቆረጥ ያለው ዝምታ ነው። ሽብልቁን ስትመቱ ግንዱ ውስጥ የሚሰማው ስንጥቅ፣ ከላይ የሚሰበር ደረቅ ቅርንጫፍ፣ «ተው ቁም!» የሚል የጓደኛ ድምፅ፤ ሚኒሞ ላይ የሚጮህ ሞተር እነዚህን ሁሉ ይሸፍናል። ሁለትና ሦስት ሆነው ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ከአንድ ኪሎዋት ጭማሪ ይበልጣል።

ዝምታው ግን አደጋም አለው። የቆመ የባትሪ መጋዝ የሞተ ይመስላል። አልሞተም፤ ጣት ብቻ ይበቃዋል። ሰንሰለት ስትሞርዱ ወይም ስታጠብቁ መጀመሪያ ባትሪውን አውጡ።

ንዝረትም አለ። ለዓመታት የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ የያዘ እጅ ጣቶቹ በብርድ ይነጣሉ፣ ይደነዝዛሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን 2.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲደርስ እርምጃ እንዲወሰድ፣ 5 ደግሞ እንዳይታለፍ ደንግጓል። የእያንዳንዱ መጋዝ የንዝረት ቁጥር በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ይጻፋል። ለፊትና ለኋላ እጀታ ለየብቻ ነው የሚሰጠው። ዕለት ዕለት የሚሠራበት ሰው ከኪሎዋቱ በፊት እሱን ይመልከት።

መጋዝ የሚከላከለው ሱሪ ውስጡ ረጃጅም ክሮች አሉት። ሰንሰለቱ ሲነካቸው ይመዘዙና ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ማርሽ ያንቁታል። ደረጃው የሚለካው በሰንሰለት ፍጥነት ነው፤ ክላስ 1 ለ20 ሜትር በሰከንድ፣ ክላስ 2 ለ24፣ ክላስ 3 ለ28። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሮ ጠንክሮ ስለሚያዞር በክር በቀላሉ ላይታነቅ ይችላል። የባትሪ መጋዝ ከገዛችሁ የሱሪውን መለያ አንብቡ።

የትኛው መጠን?

50 ሲሲ አካባቢ ያለው ክፍል ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። የስቲል ኤምኤስ 261 እና የሁስክቫርና 550 ኤክስፒ ማርክ 2 ሁለቱም ወደ 3 ኪሎዋት ይሰጣሉ። ያለ ባርና ያለ ነዳጅ የመጀመሪያው 4.9 ኪሎ፣ ሁለተኛው 5.3 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለቱን ለመለየት እንቅልፍ አትጡ። መለዋወጫው የትኛው ቅርብ ይገኛል? እሱን ግዙ።

ወደ 70 ሲሲ ስትወጡ ኤምኤስ 462 እና 572 ኤክስፒ አሉ፤ 6.0 እና 6.6 ኪሎ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። መጋዙን በወገብ ከፍታ ይዞ ቀኑን ሙሉ ለሚመለምል ሰው ግን ስድስት መቶ ግራም ማታ ጀርባው ላይ ይታወቀዋል። ለ50 ሲሲ ከ38 እስከ 45 ሴንቲሜትር ባር፣ ለ70 ሲሲ ከ50 እስከ 63 ይስማማል። ረጅም ባር የሚፈልጉ ገዢዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ከሁለት ወገን በመቁረጥ ከባሩ ርዝመት እጥፍ የሚጠጋ ውፍረት ያለውን ዛፍ መገንደስ ይቻላል። ባሩ በረዘመ ቁጥር ደግሞ የሚሞረደው ጥርስ ይበዛል፣ አፍንጫውም ይከብዳል።

ሰንሰለቱ

እንደኔ ከሆነ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ሰንሰለት ነው። ደካማ መጋዝ በስል ሰንሰለት ኃይለኛውን መጋዝ በደነዘዘ ሰንሰለት ያሸንፋል። ዛሬ የምንጠቀምበት ጥርስ የመጣው ጆ ኮክስ ከሚባል አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ ነው። በ1946 አንድ የጥንዚዛ እጭ ጉቶ ውስጥ ግራና ቀኝ እየቦረቦረ ሲሄድ አየና በዚያው አምሳል የሚቆርጥ ሰንሰለት ሠራ። በዓመቱ የኦሪገን ሰንሰለት ለገበያ ቀረበ።

ምርጫው በሁለት ጥርሶች መሀል ነው። ጥግ ያለው ሹል ጥርስ በንጹሕ እንጨት ውስጥ ፈጣን ነው፤ አፈር ወይም አሸዋ ሲነካ ግን ወዲያው ይደነዝዛል። ጠርዙ የከበበው ትንሽ ይዘገያል፣ ቆሻሻንና ደረቅ እንጨትን ይታገሳል። ግንድ በመሬት ላይ የሚጎተትበት ቦታ ልጣጩ ሁልጊዜ አፈር አለው፤ እዚያ ሁለተኛውን ግዙ።

የሞረዱን ልክ አትሳቱ። ፒቹ (በሰንሰለቱ ማያያዣዎች ርቀት የሚለካው መጠኑ) 0.325 ኢንች ለሆነ ሰንሰለት 4.8 ሚሊሜትር፣ ለትንሹ ሦስት ስምንተኛ ኢንች 4 ሚሊሜትር፣ ለትልቁ ሦስት ስምንተኛ 5.2 ወይም 5.5 ነው። መቼ እንደሚሞረድ ሰጋቱራው ይነግራችኋል። ረጃጅም ፍርፋሪ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ዱቄት ከሆነ ቁሙና ሞርዱ። እዚህ ላይ ቤንዚኑ ያልታሰበ ጥቅም አለው። ነዳጅ ለመሙላት ስትቀመጡ ሞረዱን ታነሳላችሁ። ባትሪ በሴኮንዶች ስለሚቀየር ብዙ ሰው ሳይሞርድ ይቀጥላል።

ግንዱን ማውጣት

መጋዙ ዛፉን ይጥለዋል፤ ሥራው ግን ግንዱን መንገድ ላይ እስከማድረስ ነው። ለትንሽ ቡድን ዊንች የተገጠመለት የእርሻ ትራክተር ይበቃል። ስኪደር የሚባለው የደን ማሽን ግንዱን ሳይቆራርጥ ይጎትታል፤ ለገደላማና ለወፍራም ዛፍ ጥሩ ነው፣ መሬቱን ግን ያርሰዋል። ፎርዋርደር የሚባለው ሌላው ማሽን የተቆራረጠውን ግንድ ተሸክሞ ስለሚሄድ እንጨቱ ንጹሕ ይሆናል፣ አፈሩም ይተርፋል። ችግሩ ግንዱ ቀድሞ በልኩ መቆረጥ አለበት፤ ያ ሥራ ተመልሶ ወደ መጋዙ ይመጣል። ቶሎ የሚረጥብ መሬት ካለባችሁ እኔ ፎርዋርደሩን እመርጣለሁ።

ያገለገለ ሲገዛ

ያገለገለ የቤንዚን መጋዝ ስታዩ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሞተሩ ካልተቃወመ ተዉት። ጠጋ በሉና የጭስ ማውጫውን አስፈትታችሁ ፒስተኑን እዩ፤ ቁመቱን የሚከተሉ ጭረቶች ካሉ ቀልደኛ ዋጋ ቢሆንም አትውሰዱ። ሞተሩ ሲነሳ የሰንሰለት ፍሬኑን ሞክሩ፤ ወዲያው ካላቆመ ሌላውን ሁሉ ማየት አያስፈልግም። ባሩን ጠረጴዛ ላይ አቁሙት፤ ካዘነበለ ጠርዙ ተበልቷል፤ ማርሹም ጥርሱ በጥልቀት ከተቆረጠ ከሰንሰለቱ ጋር አብሮ መቀየር አለበት። ለባትሪ መጋዝ ደግሞ ባትሪውን ቻርጅ አድርጋችሁ ወፍራም ግንድ አስቆርጡት። ባለ 3 ኪሎዋት ሆኖ በሙሉ ጉልበት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ከተዳከመ፣ የምትገዙት መጋዙን እንጂ ባትሪውን አይደለም።