ፕሌይስቴሽን ወይስ ኤክስቦክስ? አርማውን ተዉትና ሰፈራችሁን እዩ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ለኮንሶል (ቴሌቪዥን ላይ ለሚሰካ ጌም ማጫወቻ) መግዣ ብር እያጠራቀመ ነው። "አጎቴ፣ ኤክስቦክስ ከገዛሁ ግን ፊፋ ቀረብኝ ማለት ነው" አለኝ። ፊፋ የሚለው የእግር ኳስ ጌሙን ነው። ማን አለህ ስለው ዩቲዩብ ላይ ሮናልዶ ያለበትን የድሮ የፊፋ 18 ማስታወቂያ ከፈተልኝ። መጨረሻው ላይ የፕሌይስቴሽን አርማ አለ። አልዋሸም፣ ያየውን ነው ያመነው።

ፊፋ 18 ግን ኤክስቦክስ ላይም ወጥቷል። ዛሬ ኤፍሲ የሚባለውም እንደዚያው ሁለቱም ላይ አለ። (ሰፈራችን የስም ለውጡን አልተቀበለም፤ እኔም ፊፋ እያልኩ እቀጥላለሁ።) አርማው የሚነግረን ጨዋታው የት እንዳለ ሳይሆን የማስታወቂያውን መብት ማን እንደገዛ ነው።

የፕሌይስቴሽኑ ሶኒ ወይም የኤክስቦክሱ ማይክሮሶፍት ጨዋታውን ከሚያወጣው ድርጅት ጋር ይዋዋላል። ማስታወቂያው በእሱ አርማ ይወጣል። ጨዋታው ከእሱ ኮንሶል ጋር በአንድ ካርቶን ይሸጣል። አንዳንዴም ጉሊት ላይ እንደምትጨመር ሽንኩርት ለእሱ ደንበኞች ብቻ ምርቃት ይኖራል። ተቀናቃኙም ያንኑ ጨዋታ ይሸጣል፣ ግን ድምፁን አጥፍቶ።

ይህ መብት ደግሞ ቤት ይቀያይራል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) 2013 ላይ ፊፋ 14 ሲወጣ ሸሪኩ ማይክሮሶፍት ነበር። እንደ ፔሌ ያሉ የድሮ ኮከቦችን ቡድናችሁ ውስጥ ማስገባት የምትችሉት ኤክስቦክስ ላይ ብቻ ነበር። በፊፋ 18 አርማው ወደ ሶኒ ዞረ፤ የድሮ ኮከቦቹም ፕሌይስቴሽን 4 ላይም ገቡ።

የተኩስ ጨዋታው ኮል ኦፍ ዲዩቲ ይብሳል። ከ2010 ጀምሮ አዳዲስ ማፖች (የመጫወቻ ሜዳዎች) ኤክስቦክስ ላይ 30 ቀን ቀድመው ይወጡ ነበር። 2015 ላይ ውሉ ወደ ሶኒ ሄደ፤ ቅድሚያውም አብሮ ሄደ። በ2019ኙ ጨዋታ ላይማ ሰርቫይቫል የሚባለው የጨዋታ ዓይነት ለአንድ ዓመት ያህል ለፕሌይስቴሽን 4 ብቻ ተሰጠ። የኤክስቦክሱ ሰውዬ ግን እኩል ነው የከፈለው። ይቺን ምርቃት ማለት ይከብደኛል፤ ከሌላው ሰሃን ላይ ማንሳት ናት። ከዚያ ኦክቶበር 2023 ላይ ማይክሮሶፍት የጨዋታውን ባለቤት አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዛው። ሶኒ ከዚያ በፊት፣ ጁላይ ላይ፣ ኮል ኦፍ ዲዩቲ ለ10 ዓመት ፕሌይስቴሽን ላይ እንዲቆይ ፈርሟል። ስለዚህ ይጠፋብኛል ብላችሁ አትስጉ።

እንግዲህ ማስታወቂያውን ተዉትና ዕቃዎቹን ጎን ለጎን እንያቸው።

መጀመሪያ ጆይስቲክ። እኛ ጋ ፊፋ ብቻውን የሚጫወት ሰው የለም። ጎረቤት የራሱን ጆይስቲክ ይዞ ይመጣል። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ የፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታዎችን አያጫውትም። የድሮው ኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲክ ግን አዲሶቹ ኤክስቦክሶች፣ ሲሪስ ኤስ እና ሲሪስ ኤክስ ላይ ያለችግር ይሠራል። እዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ይበልጣል። ችግሩ፣ በእኛ ብሎክ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ያለው ሰው አላውቅም። በነገራችን ላይ እሱ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። መብራት ሲሄድ ጆይስቲኩ አለ፣ ቴሌቪዥኑ የለም።

ዲስክ ሌላው ነው። ሲሪስ ኤስ ሲወጣ ዋጋው 299 ዶላር ነበር፤ ከፕሌይስቴሽን 5 ባለ ዲስኩ በ200 ዶላር ያነሰ። ግን ዲስክ ማስገቢያ የለውም። ከጓደኛ መዋስ፣ ተጫውቶ መሸጥ፣ መለዋወጥ ቀረ ማለት ነው። ሁሉንም በዳታ ታወርዳላችሁ። 512 ጊጋባይት ማከማቻው ላይ ከ100 ጊጋ በላይ የሚበላ ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሲጫንበት አስቡት። ዲስክ ግን ሁልጊዜ አያድንም። የ2022ቱ ኮል ኦፍ ዲዩቲ ዲስክ ላይ የነበረው 70 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪው በኢንተርኔት ነው።

ክፍያው ላይ ሁለቱም እኩል ያስቸግራሉ። በብር አይሸጡም። ሰው የሌላ አገር አካውንት ከፍቶ የስጦታ ካርድ ይገዛል። ኤክስቦክስ ጌም ፓስ የሚባል ወርኃዊ ክፍያ አለው፤ ብዙ ጨዋታ ይከፍታል። ሆኖም አልቲሜት የሚባለው ትልቁ ደረጃው ኦክቶበር 2025 ላይ አሜሪካ ውስጥ ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር ዘሏል። በየወሩ ዶላር መፈለግ ለእኔ አይሆንም።

ምርቃቷን ብለው ለሚገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ስለተበላሁ። ተጨማሪ ዕቃ የሚከፍት ኮድ ያለበት የፕሌይስቴሽን ዲስክ ገዛሁ። ዲስኩ የአውሮፓ፣ አካውንቴ የአሜሪካ። ጨዋታው ሠራ፣ ኮዱ እምቢ አለ። ሻጩ "እኔ ዲስክ ነው የሸጥኩልህ" ብሎ ሸኘኝ። ሳትከፍሉ በፊት የዲስኩና የአካውንቱ አገር መግጠሙን እዩ።

በኢንተርኔት ለመጫወት ከሆነ፣ ከፊፋ 23 ጀምሮ ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ሲሪስ ኤስ ካለው ጋር መጋጠም ይችላል። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ግን ፕሌይስቴሽን 5 ካለው ጋር አይገናኝም። የሚለየው ትውልዱ እንጂ ካምፓኒው አይደለም።

ቤታችሁ ጥሩ ዋይፋይ ካለና ውጭ አገር ካርድ የሚሞላላችሁ ዘመድ ካለ፣ ሲሪስ ኤስ ለዋጋው አይታማም። ጎረቤት የሚሰበሰብበት ቤት ከሆነ ግን ፕሌይስቴሽን፣ ባለ ዲስኩን።

የእህቴን ልጅ ምን ምን ትጫወታለህ ብዬ ጠየቅኩት። ፊፋ ብቻ አለ። ኤፍሲ 26 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 4ም ወጥቷል። አሁን ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 እያፈላለገ ነው። ፎቁ ላይ ያለው ጓደኛው ሁለት ጆይስቲክ አለው።