ለወንድሜ የኮሌጅ በር ላስከፈቱልን አማካሪ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ እግረ መንገዴንም የሚጠቅመው ሰው ካለ ልጠቁም። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ገብቷል። የገባው ደግሞ በአንዲት የኮሚኒቲ ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ አማካሪ ብርታት ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም። ያደረጉልንን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ወንድሜ ጌይ ነው። ለወላጆቻችን የነገራቸው ሃይስኩል ሊጨርስ ሲል ነበር። ከዚያ በኋላ እቤት መኖር አልቻለም። ሻንጣውን ይዞ እኔ ጋ መጣ። ማደሪያና ምግብ አላጣሁለትም። የኮሌጅ ክፍያ ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ስለዚህ ስኮላርሺፕ ፍለጋ ጀመርን።

ፍለጋው መራራ ነበር። አንድ ቢሮ ሄደን «የወላጆችህን የታክስ መረጃና ፊርማ ይዘህ ና» አሉት። እንደማያናግሩት ነገራቸው። «እንግዲያው ታርቀህ ና» አሉት፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት። ልጁ እኮ ከቤት የወጣው ወዶ አይደለም! ከዚያ ደግሞ «ለኤልጂቢቲ (ሌዝቢያን፣ ጌይ፣ ባይሴክሹዋልና ትራንስጀንደር) ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አፈላልጋለሁ» የሚል ሰው አገኘን። ክፍያውን አስቀድሞ ተቀበለን፤ ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። ለገንዘቡ ብዙም አላዘንኩም። ወንድሜ ከዚያ ወዲያ «በቃ ተይው፣ ሥራ ልግባ» ማለት መጀመሩ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። አደራ፣ ስኮላርሺፕ ላስገኝላችሁ ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው እንዳታምኑ።

አማካሪዋ ቢሮ የገባነው ተስፋ ቆርጠን ነበር። ወንድሜ ታሪኩን ሊጀምር ሲል በእርጋታ አስቆሙት። «መጀመሪያ ይህን ንገረኝ» አሉት። «ደብዳቤ የት ይድረስህ? ስደውል ስልኩን ሌላ ሰው ያነሳው ይሆን? ስለ ራስህ እነማን ያውቃሉ? ማንስ እንዲያውቅ አትፈልግም?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሁሉም ወረቀት ነው የሚጠይቀው። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ሲቀመጥ አየሁት።

ጥያቄው ለወግ አልነበረም። አንዳንድ ስኮላርሺፕ ሰጪዎች የአሸናፊዎችን ስምና ፎቶ በይፋ ያወጣሉ። ለአንዱ ልጅ ይህ ክብር ነው። ዘመድ አዝማዱ ገና ላላወቀ ልጅ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አማካሪዋ ወንድሜ ከማመልከቱ በፊት ለእያንዳንዱ ድርጅት ጽፈው ስሙ ሳይወጣ ሊቀር ይችል እንደሆነ ጠየቁለት። አይቻልም ያሉም ነበሩ። እነሱ ጋ ያመልክት፣ አያመልክት ውሳኔውን ለእሱ ተዉለት። እኔ እህቱ እንኳ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ፣ ፋፍሳ የሚባለው ለኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ የሚሞላ የፌዴራል ቅጽ ከ24 ዓመት በታች ያለን ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የወላጅ ጥገኛ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ለዚህ ነው በየሄድንበት የወላጅ መረጃ ሲሉን የነበረው። ነገር ግን ከቤት ለተባረረ ወይም ከወላጆቹ ጋር ለተቆራረጠ ልጅ መንገድ አለው። ተማሪው ልዩ ሁኔታ እንዳለበት ቅጹ ላይ ያመለክታል፣ ማስረጃውን ለኮሌጁ ያቀርባል፣ የሚወስነው የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ነው። ቅጹ ጌይ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። እኔና አንድ የሃይስኩል መምህሩ የምናውቀውን ጽፈን ሰጠን። የቀረውን እሳቸው እንዴት እንዳሳኩት እስከዛሬ አልገባኝም። ብቻ ተሳካ። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ ተፈቀደለት፤ የማይመለስ ገንዘብ ነው።

ለኤልጂቢቲ ተማሪዎች የሚሰጡትንም አሳዩን። ፖይንት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አለ። ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለብቻው ያዘጋጀው ስኮላርሺፕም አለው። ፕራይድ ፋውንዴሽንን ግን እኛ የምንኖርበትን ስቴት ስለማያካትት ሰረዙት። ዋሽንግተን ስቴት፣ ኦሪገን፣ አይዳሆ፣ ሞንታና ወይም አላስካ ያላችሁ ግን እሱን ሳታዩ እንዳትቀሩ።

የኤልጂቢቲ ልጆች ወላጆች ስለመሠረቱት ፒፍላግ ስለሚባል ድርጅት ሲነግሩት ወንድሜ ዝም አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ ጂን ማንፎርድ የተባሉ አስተማሪ ጌይ ልጃቸው አጠገብ ሆነው ሰልፍ ወጡ። በዓመቱ ወላጆች መሰብሰብ ጀመሩ፤ ፒፍላግ ከዚያ ተወለደ። ዛሬ ብዙዎቹ ቅርንጫፎቹ በየአካባቢያቸው ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ወንድሜ ቢሮው ውስጥ ምንም አልተናገረም። መኪና ውስጥ ገብተን ነው «እናትየው አብራው ወጣች?» ብሎ የጠየቀኝ። አዎ አልኩት። የእኛም እናት አንድ ቀን ልቧ ይራራ ይሆናል ብዬ አሁንም እጸልያለሁ።

ትልልቆቹን ስኮላርሺፖች አላገኘም። ከአካባቢያችን አንድ ትንሽ ድጋፍ አገኘ፤ ለመጻሕፍትና ለትራንስፖርት ይበቃዋል። አማካሪዋ ሲሰሙ ከእኛ በላይ ተደሰቱ። «በሚቀጥለው ዓመት ትልቁን ደግመን እንሞክራለን» ብለውታል። «እንሞክራለን» ነው ያሉት!

እንዲህ ዓይነት ልጅ ያለው ሰው ካለ፣ ወይም ልጁ አንተ፣ አንቺ ከሆናችሁ፣ እባካችሁ አንድ ቢሮ እምቢ ስላለ አትተዉት። የምትገቡበት ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ቀጠሮ ያዙና ከወላጆቼ ጋር ተለያይቻለሁ ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ስኮላርሺፕ ላይ ከማመልከታችሁ በፊት ስማችሁ ይወጣ እንደሆነ ጠይቁ። ፋፍሳ በየዓመቱ ቢዘገይ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ሳይረፍድ ጀምሩት። የእኛ አካባቢ ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ማንነታችሁን ለማንም አልናገርም።

እርስዎም ይህን ካነበቡት፣ እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልኝ። ወንድሜ ሰኞ የመጀመሪያ ፈተናውን ይፈተናል።