ጂፕሲ ሜጀር፦ ተገልብጦ የሚሠራው ሞተር

የእንግሊዙ ኩባንያ ዴ ሃቪላንድ እ.ኤ.አ. በ1932 ለገበያ ያቀረበው ጂፕሲ ሜጀር አራት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ የአውሮፕላን ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 118 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 140 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ይዘቱ 6.1 ሊትር፣ ጉልበቱ 130 ፈረስ። ታይገር ሞዝ የተባለውን የማሠልጠኛ አውሮፕላን ያበረረው ይኸው ነው።

የጂፕሲ ሞተሮች መጀመሪያ የሆነው ጂፕሲ 1 ሲሊንደሮቹ ወደ ላይ የቆሙ ስለነበሩ ከአብራሪው ፊት ይጋረጡ ነበር። ሜጀር ላይ ሲሊንደሮቹ ከክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያሽከረክሩት ዘንግ) በታች ይንጠለጠላሉ። በዚህም የአብራሪው እይታ ተከፈተ፣ ፕሮፔለሩም ከመሬት ከፍ አለ። በጣም ጥሩ ሥራ ነው፤ ጣጣው ያለው ዘይቱ ላይ ነው።

ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይት በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ቀለበቶች) አልፎ ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ይወርዳል። ዘይት እንደ አየር አይታመቅም። ሳይፈትሹ ያስነሱት እንደሆነ ፒስተኑ ዘይቱን ይገጭና ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ይጣመማል። ስለዚህ ሁልጊዜ ማግኔቶዎቹን (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን) አጥፍቶ፣ ፕሮፔለሩን በእጅ ቀስ አድርጎ፣ አራቱም ሲሊንደሮች እስኪታመቁ ማዞር ግድ ነው። ድንገት ድርቅ ብሎ ከቆመ አያስገድዱት። ወደኋላ ማዞርም መፍትሔ አይደለም፤ ዘይቱ ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ ይገፋና ሲነሳ ተመልሶ ይገባል። ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ፈትቶ ዘይቱን ማፍሰስ ነው ያለው።

በቀድሞው የጂፕሲ ሜጀር ሞዴል የቫልቭ ሽፋኖቹ ዘይት የሚሞላው በእጅ ነው። የሽፋኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ካፈሰሰ የቫልቭ መግፊያዎቹ ደርቀው ይበላሉ፤ ከታች የሚንጠባጠበውን ዘይት "የጂፕሲ ጠባይ ነው" ብሎ ማለፍ ስህተት ነው።

አየሩ በአንድ ጎን ገብቶ፣ በቆርቆሮ መጋረጃዎች ተመርቶ፣ በሲሊንደሮቹ መሀል ወደ ሌላው ጎን ያልፋል። አንዷ ቆርቆሮ ከላላች የኋላው ሲሊንደር ይግላል።

ወደ አገራችን የመጣው ሳብ 91ኤ ሳፊር በተባለው የስዊድን አውሮፕላን አፍንጫ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ይኸኛው 145 ፈረስ ጉልበት ያለው ጂፕሲ ሜጀር 10 ነው። ስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1947 በሳፊር ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ ያለማረፍ በረረ። ይህ የሞተሩን ጽናት በደንብ ያሳያል። ደካማ ጎኑ ግን ደጋ ላይ ይታያል። ተጨማሪ አየር የሚገፋለት መሣሪያ ስለሌለው፣ 1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቢሾፍቱ 145ቱ ፈረስ ከ120 በታች ይወርዳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ሁለት ሰው ጭኖ ቀትር ላይ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ጠዋት ግን፣ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ያለ ጭንቀት ይነሳል።