ዋይፋያችንን ከሥሩ ላስተካከለችልን ባለሙያ

አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት አለን፤ ደንበኞቻችን በአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያሳትሙ ተማሪዎች ናቸው። ኮምፒውተሮቻችን አሮጌ ስለሆኑ የምንጠቀመው በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ኢንተርኔት የሚያገኙት በዩኤስቢ በሚሰካ፣ የሪልቴክ 8821ሲዩ ቺፕ ባለው የዋይፋይ አዳፕተር ነው። ታዲያ የሊኑክስ ማሻሻያ በተጫነ ቁጥር ዋይፋዩ ይጠፋል። ያማከርናቸው ሁሉ ዊንዶውስ እንድንጭን ወይም አዳፕተሩን እንድንለውጥ ነገሩን።

ስታዲየም አካባቢ የምትሠራው ወጣት ባለሙያ ግን አስቀድማ የጠየቀችው የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ የስሪት ቁጥር ነው። ድራይቨሩ (አዳፕተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከከርነሉ ውጭ ለብቻው የተጫነ በመሆኑ፣ ከርነሉ ሲለወጥ እንደ አዲስ መገንባት እንደነበረበት በትዕግሥት አስረዳችን። ለዚህ ቺፕ የሚሆን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ከርነል 6.2 ውስጥ ተካቷል። አሮጌውን ድራይቨር አጥፍታ፣ አዲስ ከርነልና ፈርምዌር (ቺፑ ራሱ የሚሠራበትን ፕሮግራም) ጫነችልን። ዋይፋዩ ከዚያ ወዲህ በማሻሻያ ምክንያት ጠፍቶ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ግን ከዚያ በኋላ ስላደረገችው ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ግንኙነቱ የሚቋረጥበት አንድ ላፕቶፕ ቀርቶን ነበር። አጥፍታችሁ አብሩት ብላ መሄድ ትችል ነበር። እርሷ ግን ከርነሉ የሚያስቀምጠውን የክንውን መዝገብ ሰብስባ፣ ስህተቱ ከየትኛው ስሪት እንደጀመረ ለይታ ድራይቨሩን ለሚንከባከቡት ሰዎች ላከች። የማስተካከያ ኮድ ሲልኩላትም በእኛው ላፕቶፕ ላይ ገንብታ ሞከረችው፤ ውጤቱንም መልሳ ጻፈችላቸው። እነዚያ ሰዎች በዓለም ላይ የሚሸጠው አዳፕተር ሁሉ በእጃቸው የለም። ዕቃው ያለው ሰው ሞክሮ ካልነገራቸው ስህተቱ መኖሩን እንኳ የሚያውቁበት መንገድ ጠባብ ነው። አንድ ጊዜ ከርነሉ ውስጥ የገባ ማስተካከያ ደግሞ ያንኑ አዳፕተር ለያዘ ሁሉ ይደርሳል፤ ጎንደር ላለ ትምህርት ቤትም ቢሆን። ለዚህ ድካሟ ሰባራ ሳንቲም አልጠየቀችንም፤ የተቀበለችው የጥገናውን ዋጋ ብቻ ነው። እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ!

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች ከልብ እጠቁማታለሁ። አድራሻዋን በግል ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ስትሄዱ ላፕቶፑን ብቻ ሳይሆን አዳፕተሩንም ያዙ፤ አንዳንዱ ሲሰካ መጀመሪያ ለኮምፒውተሩ እንደ ሲዲ ስለሚታይ እርሱን ማየት ትፈልጋለች። በመሳቢያችሁ የተረሳ የቆየ አዳፕተር ካለም ለመሞከሪያ ስጧት። የሚዲያቴክ ቺፕ ያለው እስካሁን አላገኘችም።