ባልና ሚስትን በአንድ ብስክሌት ላይ ለሚያስማሙት ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በአካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ የሁለት ሰው ብስክሌት አብራችሁ ለመንዳት ካሰባችሁ፣ ወይም ሞክራችሁ ተኳርፋችሁ ከወረዳችሁ፣ ይህን ጥቆማ አንብቡልን። ታንደም የሚባለውን ይህን የሁለት ሰው ብስክሌት የሚጠግኑ፣ ለጥንዶች ልኩን የሚያስተካክሉና አነዳዱን የሚያስተምሩ አንድ አባት አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ፣ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «ጋሼ» ብለን እንቀጥላለን። ስልካቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልን። ነገሩ ባዶ ውዳሴ እንዳይሆን ሥራቸውን በዝርዝር እንጽፋለን። እሳቸው ጋ መድረስ የማትችሉም ብዙውን ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ከሁሉ በፊት የምናመሰግናቸው ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው ስለሚያደሉ ነው። የኋለኛው መሪ አይዞርም፤ ከፊተኛው መቀመጫ ዘንግ ጋር በብሎን የታሰረ መያዣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፍሬንም ማርሽም የለውም። ፊት ለፊቱ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ጉድጓድ ሲመጣ አያይም፤ የኋላው ጎማ ደግሞ ከመቀመጫው ሥር ስለሆነ ምቱ በሙሉ እሱ ወገብ ላይ ያርፋል። እንዲህ ሆኖ የማይጮህ ሰው ካለ እሱ ነው የሚገርመው። ብዙ ሰው ኋላ ያለውን እንደ በቅሎ ተፈናጣጭ ያየዋል። ተፈናጣጭ ግን እግሩን አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ እዚህ ሁለቱም ይረግጣሉ፣ ኋለኛው ካልረገጠ ዳገት አይገፋም። ጋሼ ብስክሌቱን «ጥማድ» ነው የሚሉት። ቀንበሩ አንድ ነው፤ አንዱ እግሩን ሲያቆም የሌላውም ይቆማል።

ትምህርቱን የሚጀምሩት ቦታ በማለዋወጥ ነው። ፊት መቀመጥ የሚፈልገውን መጀመሪያ ኋላ ያስቀምጡትና እሳቸው ፊት ሆነው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይዞራሉ። የመጀመሪያውን ዙር ዝም ይላሉ፦ ሳይናገሩ ማርሽ ይቀይራሉ፣ ሳይናገሩ መርገጥ ያቆማሉ፣ ሳይናገሩ ፍሬን ይይዛሉ። ሁለተኛውን ዙር ሁሉን አስቀድመው እየተናገሩ ይነዳሉ። ያ ሰው ፊት ሲቀመጥ «ተናገር እንጂ» የሚለው አያስፈልገውም። ቀጥሎ ኋላው ባዶ የሆነውን ብስክሌት ለብቻው አሥር ደቂቃ ያህል ይነዳል፤ ርዝመቱን የሚለምደው ያኔ ነው። በተራ ብስክሌት ከጎማ መሃል እስከ ጎማ መሃል 1 ሜትር ገደማ ነው፤ በታንደም 1 ሜትር ከ70 እና ከዚያም በላይ ይሆናል። ሲታጠፍ የኋላው ጎማ ወደ ውስጥ ቆርጦ ስለሚያልፍ፣ ጥጉን ተጠግቶ የታጠፈ ሰው ኋለኛውን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ያወጣዋል። ፊተኛው ራሱ ግን በደህና አልፏልና ምን እንደተፈጠረ አይገባውም።

ጋሼ በሙያቸው መካኒክ ናቸው፤ ብስክሌቱን ሳያዩ ማንንም መንገድ ላይ አያስወጡም። እውነቱን ለመናገር፣ «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ከሚያባሉት ችግሮች ብዙዎቹ የብስክሌቱ ናቸው። በተለይ የሚያዩት የግራውን ሰንሰለት ነው። አብዛኞቹ ታንደሞች ሁለት ሰንሰለት አላቸው፦ የቀኙ እንደማንኛውም ብስክሌት የኋላውን ጎማ ያዞራል፣ የግራው ረጅም ሰንሰለት የፊተኛውንና የኋለኛውን ፔዳል ያጣምራል። ይህ አጣማጅ ላልቶ ከወለቀ የፊተኛው ፔዳል በድንገት ባዶውን ይሽከረከራል፤ ቆሞ እየረገጠ ከነበረ አወዳደቁ ከባድ ነው። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ፔዳሉም ይከብዳል። ልኩ ሰንሰለቱን መሃሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፉት በድምሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀሱ ነው። አንድ ቦታ ለክቶ መተው ግን የተለመደ ስህተት ነው። ሰንሰለቱ የሚያርፍባቸው ጥርሳም ክቦች ፍጹም መሃል ለመሃል ስለማይቀመጡ ፔዳሉ በዞረ ቁጥር ሰንሰለቱ ይጠብቃል፣ ይላላል። ሙሉ ዙር እያዞሩ በጣም የጠበቀበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ መለካት ነው።

ማጥበቂያው ከፊተኛው ፔዳል ሥር ነው። ኩሽኔታው የተቀመጠበት ክብ ብረት የተበሳው መሃል ለመሃል ሳይሆን ወደ ጠርዙ ነው። የያዙትን ብሎኖች አላልተው ሲያዞሩት ፔዳሉ ወደ ፊት ይገፋና ሰንሰለቱ ይወጠራል። ሲዞር የፔዳሉ ከፍታም ስለሚቀየር ጋሼ የፊተኛውን መቀመጫ መልሰው ይለካሉ፤ ይህን የሚያስታውስ መካኒክ ብዙ አይደለም። ያገለገለ ታንደም ስትገዙ መጀመሪያ የምትሞክሩት እሱን ይሁን። ለዓመታት ግራሶ ሳይነካው ዝጎ የተጣበቀ ከሆነ ማላቀቂያው የግዢውን ትርፍ ይበላዋል።

ሰንሰለቱ ሲገባ የሁለቱ ፔዳሎች አቀማመጥ አንድ መሆን አለበት፣ አንድ ጥርስ እንኳ ከተሳተ እግር ያውቀዋል። ሆን ብለው አንዱን ከሌላው በ90 ዲግሪ የሚያስቀድሙ አሉ፤ የሁለቱ ጉልበት ተራ በተራ ስለሚመጣ ግፊቱ ይለሰልሳል። ነገር ግን ለጀማሪ ሲነሱ ያደናግራል፤ ሲታጠፉም የሁለቱን ፔዳል ባንድ ጊዜ ከመሬት ማራቅ ያስቸግራል። ጋሼ ለጀማሪ እምቢ ይላሉ፣ እኛም ልክ ናቸው እንላለን።

ኋለኛው መሬት መርገጥ ስለማይኖርበት መቀመጫው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ልኩን ይይዛል፦ ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ይላል፣ በእግር ፊት ሲረገጥ ጉልበት ጥቂት ይታጠፋል። የፊተኛውን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርጉለታል፣ ሁለት ሰው ደግፎ የሚቆመው እሱ ነዋ። ሁለት ሰው ከነብስክሌቱ 160 ኪሎ ቢመዝን የሚያስደንቅ አይደለም። 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ ላይ ከ85 እስከ 90 ፒኤስአይ ንፋስ ይሞላሉ፤ የኋላው ጥቂት ይበልጣል፣ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን አያልፉም። በደንብ ያልተነፋ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ በመንገዱና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል።

አሁን ወደ መነሳቱ። ማርሹ መካከለኛ ሆኖ ወደ ቀላሉ ያዘነበለ ይሁን። ፊተኛው ብስክሌቱን በእግሮቹ መሃል አድርጎ ይቆማል፣ እግሮቹን ከፔዳሎቹ ስፋት በላይ ይከፍታል፣ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጦ ይይዛል። ኋለኛው ይወጣና ተደላድሎ ሁለቱንም እግሩን ፔዳል ላይ ያደርጋል። ከዚያ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞረ ፊተኛው በሚነሳበት እግር ልክ ያመጣለታል። እግሩን ያልከፈተ ፊተኛ ቅልጥሙን የሚመታው ይሄኔ ነው።

የፔዳሉን ቦታ የእንግሊዝኛ መመሪያዎች «2 ሰዓት ላይ» ይሉታል፤ በቀኝ በኩል ሲታይ ከላይ ሆኖ ወደ ፊት ያዘነበለ ማለታቸው ነው። ሰዓቱ 2 ላይ ሲሆን 8 ሰዓት ብለን የምናነብ ሰዎች ነንና፣ አንዱ በፈረንጅ ሌላው በሀበሻ አስቦ ፔዳሉን ፍጹም ተቃራኒው ላይ ማድረስ ቀላል ነው። ጋሼ ሰዓቱን ትተውታል። ከፊተኛው ፔዳል ወደ መሪው አንገት ከሚወጣው ዘንግ ጋር ትይዩ አድርጉት ይላሉ፤ ይህን ማንም አይስተውም።

ፊተኛው «ዝግጁ?» ይላል። ኋለኛው «ዝግጁ» ካላለ ፍሬን አይለቀቅም። «እንሂድ» ሲባል ሁለቱም እኩል፣ ጠንከር አድርገው ይረግጣሉ፤ ከእግረኛ ፍጥነት በታች ብስክሌቱ ስለሚንገዋለል መለሳለስ አይጠቅምም። ፊተኛው እንደ ለመደው መሬቱን በአንድ እግሩ ሁለት ሦስት ጊዜ መግፋት የለበትም፤ ኋላ ያለው እየረገጠ ነው፣ ሁለቱ ግፊት ሲጋጭ መሪው ይጠመዘዛል። ኋለኛው ሲገፋ እሱ ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ ሁለተኛ እግሩንም ያስገባል። ሲቆሙ መሬት የሚረግጠው ፊተኛው ብቻ ነው። ኋለኛው «ላግዝ» ብሎ እግሩን ካወረደ ክብደቱ ወዳንድ ወገን ይሄድና ሁለቱም ይጋደማሉ። ሲወርዱ ኋለኛው ይቀድማል፤ ፊተኛው ቀድሞ እግሩን ወደ ኋላ ካወናጨፈ የኋለኛውን ፊት ያገኛል። ጋሼ መነሳትና መቆምን ብቻ 20 ጊዜ ያህል ያስደጋግማሉ፤ መታጠፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሰልቺ ነው ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ፤ አትስሟቸው።

ስለ ቃላቱ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። «አቁም» ይከለክላሉ። ፔዳሉን ነው ብስክሌቱን? አንዱ መርገጥ ሲተው ሌላው ፍሬን የጠበቀ እንደሆነ መንቀጥቀጡ ከዚያ ይመጣል። በቦታው ሁለት ቃል አለ፦ መርገጥ ለመተው «እረፍት»፣ ለመቆም «ፍሬን»። «ሂድ»ና «ሂጂ»ም የሉም፤ «እንሂድ» ለሁሉም ይሆናል፣ የትእዛዝም ጣዕም የለውም። «ማርሽ» ሲባል ሁለቱም ለአፍታ እግራቸውን ያቀላሉ፤ የሁለት ሰው ጉልበት ተጭኖበት የተቀየረ ማርሽ ሰንሰለት ያዘልላል፣ አንዳንዴም ይበጥሳል። «ጉድጓድ» ሲባል ኋለኛው ፔዳሉ ላይ ተጭኖ ከመቀመጫው ጥቂት ይነሳል። ኋለኛው ደግሞ የራሱ አንድ ቃል አለው፦ «ቀስ»። እሱ ከተባለ ፊተኛው ምክንያት ሳይጠይቅ ያበርዳል። ኋለኛው ውሃ ለመጠጣት ወይም ዞሮ መኪና ለማየት ሲፈልግ ተናግሮ ነው፣ ያውም አንገቱን ብቻ አዙሮ። ድንገት ወገቡን ካዞረ ብስክሌቱ ከመስመሩ ይወጣል፣ ፊተኛውም ንፋስ ይመስለዋል።

የእግር ፍጥነት ግን የሁሉ ጠብ እናት ነው። አንዱ ከባድ ማርሽ ላይ በደቂቃ 65 ዙር እያዘገመ መርገጥ ይወዳል፣ ሌላው በቀላሉ 90 ማዞር። በተጣመረ ፔዳል ሁለቱም የሚፈልጉትን አያገኙም። ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ኋለኛው ስለሆነ ጉልበቱን ያመዋል። ጋሼ ከ80 እስከ 85 ያለውን መሃል ያስይዛሉ፤ ለመቁጠር አንዱ የራሱን ቀኝ ጉልበት ለ15 ሰከንድ ይቆጥርና በ4 ያባዛል። ወደ ቀላሉ ማርሽ ማዘንበል እንደሚሻል እኛም አይተናል። ዳገት ላይ ታንደም ይዘገያል፤ ሜዳና ቁልቁለት ላይ ግን ሁለት ሰው እየገፋው ንፋሱን የሚሰነጥቀው የአንድ ሰው ደረት ያህል ስለሆነ ከተራ ብስክሌት ይፈጥናል። ቁልቁለቱ ያሳስባል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ቸርኬው ግሎ ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል። ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ ነው። ተራራ ለሚያስቡ ሰዎች ጋሼ 203 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው ፍሬን ይመክራሉ።

የት ይለመድ ለምትሉ፦ መጀመሪያ ዲሲ ያለው ሄይንስ ፖይንት። ሜዳ ነው፣ ዙሩ ከ3 ማይል ጥቂት ይበልጣል፣ መኪናውም በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፤ ወንዙ ዳር ስለሆነ ንፋስ አለው። ቀጥሎ ከሸርሊንግተን የሚነሳው ደብሊው ኤንድ ኦ ዲ የተባለው የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ፣ እስከ ፐርስልቪል 45 ማይል ነው። የባቡር ሐዲድ የነበረ መንገድ በመሆኑ ዳገቱ ገር ነው፤ አውራ ጎዳና በሚያቋርጥበት ሁሉ ግን ያ 20 ጊዜ የተለማመዳችሁት መቆምና መነሳት ያስፈልጋችኋል። ከእግረኞችና ከልጆች ግርግር ለመዳን ቅዳሜ በጠዋት ውጡ። ከስተስ የሚባለው የብስክሌት መንገድ ዳገትና ጥምዝ ይበዛዋል፣ የማውንት ቬርኖኑ ደግሞ ጠባብ ሆኖ የእንጨት ድልድዮቹ ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ፤ ሁለቱንም ለኋላ አቆዩአቸው።

ፊት ማን ይቀመጥ የሚለውን ጋሼ በቁመት ወይም በፆታ አይወስኑም። ብስክሌት መንዳትና መቆጣጠር የሚችለው ይቀመጣል፤ ሚስት ፊት የሆነችባቸው ጥንዶች አሉ፣ ፍሬሙ ለሁለቱም ልክ ከሆነ ምንም የሚያግድ የለም። ማየት የተሳናቸውንም ከኋላ አስቀምጠው በደንብ ያስተምራሉ፤ ቃላቱ ላይ የሚጨነቁት ለዚህም ይመስለናል።

እንከናቸውን እንንገራችሁ። ስልክ ቶሎ አያነሱም፤ መልእክት ትታችሁ መጠበቅ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በፊት አይሠሩም፣ መሬት ከረጠበ ደግሞ ጀማሪ አይቀበሉም። የተከራያችሁትን ብስክሌት ይዛችሁ ብትሄዱ ያያሉ፣ ግን አጣማጁን ሰንሰለት ካልወደዱት ትምህርቱን ለሌላ ቀን ያደርጉታል፣ ልመና አይሰሙም። ስትሄዱ የየራሳችሁን ቆብና ጓንት፣ ጥብቅ ሶል ያለው ጫማ፣ አንዳንድ ጠርሙስ ውሃ ያዙ። ሰፊ ሱሪ ወይም ረጅም ቀሚስ ከሆነ ሁለቱንም እግር የሚያስር ነገር አትርሱ፤ በተራ ብስክሌት የቀኙን መሰብሰብ ይበቃል፣ እዚህ ግን በግራም ሰንሰለት አለ።