ያገለገለ ኒኮን ሞናርክ 5 ባይኖኩላር፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ያገለገለ ባይኖኩላር መግዛት ያዋጣል? ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ ነጥብ የሚያዩ ከሆነ ያዋጣል። ካልሆነ በነጻ ቢሰጥም መተው ነው። የተፋቀ ጎማ፣ የጠፋ የሌንስ ክዳን፣ ፊት ሌንስ ላይ የምትታይ ጭረት በዋጋ ድርድር የሚያልቁ ናቸው። የመስመር መዛባት፣ ማለትም ሁለቱ ቱቦዎች ወደ ተለያየ ነጥብ ማየታቸው፣ ግን ዓይንን ያደክማል፣ ራስ ያሳምማል፣ ሱቅ ውስጥ ቆመው ለአንድ ደቂቃ ሲያዩበት ደግሞ አይታወቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች ብዙውን ቦታ የያዘው እሱ ነው።

የሚገመገመው ኒኮን ሞናርክ 5፣ 8 በ42 ነው። ከሰው እጅ ተገዝቶ በጋውንም ክረምቱንም ከስድስት ኪሎ እስከ እንጦጦ ወፍ ለማየት ያገለገለ ነው። ሞዴሉ አሁን ከፋብሪካ አይወጣም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ሞናርክ ኤም5 ተተክቶለታል። ገበያ ላይ የሚገኘው እንግዲህ ያገለገለው ነው።

ቁጥሮቹን በአጭሩ፦ 8 የሚያቀርብበት እጥፍ ነው፤ 42 የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህ ከዓይን ሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን በጨለማም ቢሆን እንደ ወጣትነቱ ስለማይከፈት፣ ለብዙ ጎልማሳ ከዚህ የሰፋ ክብ ጥቅም የለውም። አዲስ አበባ ላይ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ያለው ድንግዝግዝ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ በዚያች ጊዜ 8 በ42 ከ10 በ42 በግልጽ ይሻላል፤ የ10ሩ ክብ 4.2 ብቻ ነውና። በዚያ ላይ 10 እጥፍ ሲያቀርብ የእጅ መንቀጥቀጥንም 10 እጥፍ ያጎላል። የእንጦጦ ዳገት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ወጥተው ትንፋሽ ሳይረጋ በ10 እጥፍ ማየት ከንቱ ልፋት ነው።

ክብደቱ 590 ግራም ነው፤ ለዚህ መጠን ቀላል ነው። ተተኪው ኤም5 630፣ ታላቅየው ሞናርክ 7 ደግሞ 650 ግራም ይመዝናሉ። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ከሰዓት በኋላ አንገት ያውቀዋል። አብሮት የሚመጣው ቀጭን ማንገቻ ግን ለረጅም ጉዞ አይሆንም። ክብደቱን በሁለቱ ትከሻ የሚያካፍል የላስቲክ ማንገቻ ተገዝቶ ቢታሰር ከሁሉም የተሻለ ወጪ ነው፤ ስንጎነበስም ድንጋይ ላይ እየተወዛወዘ አይጋጭም።

አሁን ወደ ፍተሻው። ሻጩን ወደ ደጅ እንዲወጣ ይጠይቁት፤ መብራት ባለበት ክፍል ውስጥ ምንም አይታወቅም።

መጀመሪያ ባይኖኩላሩን ከዓይን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር አርቀው ወደ ብሩህ ሰማይ ያዙሩት፤ ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም። በእያንዳንዱ የዓይን ሌንስ መሃል አንዲት የብርሃን ክብ ትታያለች። ክቧ ሙሉ ክብ መሆን አለባት፤ ጠርዟ እንደ አራት ማዕዘን የተቆረጠና ግራጫ ከሆነ ፕሪዝሙ፣ ማለትም በቱቦው ውስጥ ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት፣ ርካሽ ነው። ሁለቱ ክቦች እኩል ካልሆኑ፣ ወይም አንዷ ወደ ጎን ከሸሸች፣ ውስጥ የተነቃነቀ ነገር አለ። በማስመሪያ ይለኳት፤ በ8 በ42 ላይ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ካልሆነች ቁጥሩ የተጻፈው ለገበያ ነው። እውነተኛው ላይ ከ8 በ42 ቀጥሎ የእይታ ስፋቱ 6.3 ዲግሪ ተብሎ ተጽፏል።

ቀጥሎ መስመሩ። ሩቅ ያለ አግድም መስመር ይምረጡ፤ የሕንጻ ጣሪያ ጠርዝ ወይም ርቆ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሆናል። በደንብ አጥርተው ካዩት በኋላ፣ ዓይንዎን ከመስመሩ ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ቀስ እያሉ ከፊትዎ 10፣ ከዚያም 20 ሳንቲ ሜትር ያርቁት። ምስሉ ወደ ሁለት ክብ ይከፈላል። መስመሩ በግራው ክብ ውስጥ ያለበት ከፍታ በቀኙ ካለበት ጋር እኩል መሆን አለበት። በአንዱ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ካለ ቱቦዎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ተዛብተዋል ማለት ነው። ይህኛው አቅጣጫ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሰው ዓይን ወደ አፍንጫ መጠጋት የለመደ ስለሆነ የጎን መዛባትን በመጠኑ ይሸከማል፤ አንዱን ዓይን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ማዞር ግን አይችልም።

ይህን ፈተና ሁለት ጊዜ ማድረግ ያስፈልጋል፦ አንዴ ባይኖኩላሩ እስከ መጨረሻው ጠብቦ፣ አንዴ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ። ሞናርክ 5 በዓይኖች መካከል ከ56 እስከ 72 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል። ወድቆ የተጠገነ ባይኖኩላር ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው ለጠጋኙ ዓይን ስፋት ብቻ ነው፤ በዚያ ስፋት ጥሩ ይታያል፣ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ ይዛባል። አንዴ ብቻ ፈትሾ መግዛት የብዙዎች ገንዘብ የሚጠፋበት በር ነው።

በመጨረሻ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጡ ይመልከቱበት። ከዓይን ሲያነሱት ዓለም ለቅጽበት ሁለት ሆኖ ተመልሶ አንድ ከሆነ፣ ወይም ዓይን ውስጥ የመጎተት ስሜት ከተሰማ፣ መልሰው ይስጡ። ባሌ ላይ ከሸንተረር ሸንተረር የደጋ አጋዘን የሚፈልግ የአደን መሪ ቀኑን ሙሉ የሚያይበት ዕቃ ነው፤ ለእሱ ከማቅረቢያው እጥፍ ይልቅ ይህ ይበልጥበታል።

ትኩረት ማስተካከያው መሃል ላይ ያለው መሽከርከሪያ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ወዲያው ወደ ኋላ ሲመልሱት ባዶውን የሚዞርበት ክፍተት መኖር የለበትም። ቅርቡን በ2.5 ሜትር አጥርቶ ማሳየት አለበት፤ ሩቁን ካጠራ በኋላም ትንሽ የሚያልፍበት ትርፍ ይኑረው። ከዚያ የቀኝ ዓይን ቀለበቱን ይፈትሹ፦ ቀኝ የፊት ሌንሱን በእጅ ሸፍነው በግራ ዓይን በመሽከርከሪያው ያጥሩ፤ ግራውን ሸፍነው ቀኙን በቀለበቱ ያጥሩ። የሁለቱ ዓይንዎ እይታ እኩል ሆኖ ሳለ ቀለበቱ ወደ ጫፍ ከሄደ ሌንስ ከቦታው ተንቀሳቅሷል።

የውስጡን ንጽሕና በስልክ ባትሪ መብራት ያዩታል። መብራቱን ከፊት ሌንሱ በኩል በሰያፍ አብርተው ከዚያው በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ከዓይን ሌንሱም በኩል ይድገሙት። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካለ ሻጋታ ነው፤ የሌንሱን ሽፋን እየበላ ይሄዳል፣ ተጠርጎም ጠባሳው ይቀራል። ይህ ሞዴል ውስጡ ናይትሮጅን ተሞልቶ በጎማ ቀለበት የታሸገ ስለሆነ ሻጋታ ከገባ ማሸጊያው አንዴ ተከፍቷል ማለት ነው። በአዲስነቱ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይቋቋማል ተብሎ የወጣ ነው፤ ያገለገለውን ግን ዝናብ እንደሚችል ብቻ ቆጥሮ መያዝ ይሻላል። የጎማ ልብሱ ጠርዝ ተነስቶ እንደገና በማስቲሽ የተለጠፈ ከሆነም አንድ ሰው ከፍቶታል።

ጭረት ብዙ ገዢ ያስደነግጣል፤ የሚያስደነግጠው ግን በዓይን ሌንሱ ላይ ያለው ነው። በፊት ሌንሱ ላይ ያለች ቀጭን ጭረት ምስሉ ላይ አትታይም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ናት። የዓይን ጎማዎቹ ሲዞሩ በየደረጃው ቀጭ እያሉ መቆም አለባቸው። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ወደ ታች አዙሮ ስለሚጠቀም ላልተው ቢገኙም አያስቸግሩትም፤ ዓይን ከሌንሱ እስከ 19.5 ሚሊ ሜትር ርቆ ሙሉ ምስሉን ስለሚያይ ይህ ሞዴል ለመነጽር ለባሾች ከሚመረጡት አንዱ ነው።

በአጠቃቀም ላይ ያለው ነገር እንዲህ ነው። ምስሉ መሃል ላይ ጥርት ያለ፣ ቀለሙ ያልተዛባ ነው። ማለዳ ስድስት ኪሎ ዛፎች ላይ እየጮኸ የሚያልፈው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኘው ዋትልድ አይቢስ የተባለው ወፍ፣ ከጉሮሮው ስር የምትንጠለጠለው ቀጭን ሥጋ ከሩቅ ትለያለች። መርካቶ ላይ 20 በ50 ተብለው የሚሸጡት ባለቀይ ሌንሶች ከዚህ ጋር አይወዳደሩም፤ ቀይ ሽፋኑ ቀይ ብርሃንን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ምስሉ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። ቱራኮ የተባለው ወፍ ሲበር ክንፉ ላይ የሚፈነጥቀው ደማቅ ቀይ በእነዚያ ደብዝዞ ይጠፋል፤ በሞናርኩ እንዳለ ይታያል። ምክንያቱ ሽፋኑ ብቻ አይደለም። ቱቦአቸው ቀጥ ያለ ባይኖኩላሮች ፕሪዝማቸው ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ መልሶ ስለሚያገናኝ፣ ግማሾቹ እንዲገጥሙ ልዩ ሽፋን ይፈልጋሉ፤ የጀርመኑ ኩባንያ ዛይስ በ1988 እ.ኤ.አ. ያመጣው ነው። ሞናርክ 5 ይህ አለው፤ ቱቦአቸው ቀጥ ካሉት ርካሾቹ ብዙዎቹ የላቸውም፤ ምስላቸው ሁልጊዜ ትንሽ ፈዛዛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የሚጎድለው የእይታ ስፋት ነው። 6.3 ዲግሪ በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 110 ሜትር ያህል ያሳያል፤ ሞናርክ 7 በዚያው ርቀት 140 ሜትር ያሳያል። ቅጠል መሃል የምትዘል ትንሽ ወፍ ለማግኘት ይህ ያስቸግራል። መፍትሔው ዓይንን ከወፏ ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይን ማምጣት ነው፤ መጀመሪያ ባይኖኩላሩን አንስቶ ወፏን መፈለግ አያስገኝም። በራሪ ወፍ ዋና ጉዳዩ ለሆነ ሰው ሞናርክ 7 ይሻለዋል፤ 60 ግራሙን ይሸከመው።

ክረምት ሁለት ነገር ያስተምራል። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ሌንሱ በውጭ ይጉማል፤ ከቦርሳው ሳያወጡ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው፣ ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አለማውጣት። ጉሙ በውስጥ በኩል ከሆነ ግን ናይትሮጅኑ ወጥቷል። ማስቀመጫውን በተመለከተ፣ አየር የማያስገባ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አብሮ መክተት ይበቃል። ሻጋታ ከ70 በመቶ በላይ እርጥበት ውስጥ ይፈላል፤ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ቁም ሣጥን መግባት የጥፋቱ መንገድ ነው።

በጋ ላይ ጠላቱ አቧራ ነው፤ በተለይ የግንባታ አቧራ፣ አሸዋ ስላለበት። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ መጥረግ የሌንሱን ሽፋን ይሞርዳል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ማራገፍ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ የቀረውን የጣት ቅባት በሌንስ ጨርቅና በጥቂት የሌንስ ማጽጃ ጠብታ፤ ጠብታው በጨርቁ ላይ እንጂ በሌንሱ ላይ አይፈስም።

ከውጭ አገር ማስመጣት ለሚያስቡ፦ ቦሌ ላይ ባይኖኩላር በጉምሩክ ሊያዝ ይችላል፤ ዘመድ በሻንጣ ይዞ እንዲመጣ ከመጠየቅ በፊት የፈቃዱን ጉዳይ ጠይቆ መጨረስ ያስፈልጋል። እዚሁ ከሚገኝ ሰው መግዛት የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሲገዙም ሻጩ ከየት እንዳገኘው የሚያሳይ ወረቀት ካለው ይቀበሉ፤ የመለያ ቁጥሩንም በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ያስጽፉ። መሃል ከተማ ላይ ወደ ቤተ መንግሥት፣ ወደ ካምፕ ወይም ወደ ኤምባሲ ማዞር አይገባም። ጥበቃ ባለበት ግቢ ደግሞ ከማውጣት በፊት ሰላምታ ሰጥቶ «ወፍ ለማየት ነው» ማለት ሥራውን ያቀላል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሁሉንም ፈተና ያለፈ ሞናርክ 5 ተመሳሳይ አዲስ ዕቃ ከሚሸጥበት ግማሹን ያወጣል፤ ከዚያ በላይ አያስከፍልም፣ ዋስትና አይከተለውምና። ክዳንና ማንገቻ ከጎደለው፣ የዓይን ጎማው ከላላ፣ ጎማው ከተፋቀ ከዚያ ላይ ይቀነስ። መስመሩ ለተዛባ ዕቃ ቅናሽ አይደራደሩ፤ ማስተካከያ መሣሪያ የሌለው ካሜራ ጠጋኝ «አስተካክለዋለሁ» ቢልም አያስነኩት፣ አንዱን ስፋት አስተካክሎ ሌላውን ያበላሻል። ቀብድ አስይዞ አንድ ምሽት ማደር ከሻጩ ጋር መስማማት ከተቻለ እጅግ ጥሩ ነው፤ በዚያች ምሽት ኮከብ ላይ ያጥሩት፤ በሁለቱም ቱቦ አንዲት የጠራች ነጥብ ሆኖ ከታየ፣ ከዚያም በዝግታ ሲያርቁት ሁለቱ ነጥቦች እኩል ከፍታ ላይ ከቆዩ፣ ጠዋት ቀሪውን ይክፈሉ።