ዘጠኝ ወር ከመስሚያዬ ጋር

የማኅፀን በር ካንሰር ሕክምናዬን ከጨረስኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ስድስት ሳምንት ጨረር፣ በየሳምንቱ ደግሞ ሲስፕላቲን የሚባል የኬሞ መድኃኒት። ካንሰሩ ሄዷል፣ ተመስገን። መድኃኒቱ ግን ሁለት ነገር ትቶብኛል። እግሬና የጣቶቼ ጫፍ ይደነዝዛሉ፣ ማታ ማታ ይለበልባሉ። ጆሮዬም ቀጭን ድምፅ አይሰማም።

ሰው ሲያወራ ድምፁ ይደርሰኛል፣ ቃሉ አይለይልኝም። «ሰባት» ሲሉኝ «ሰባ» እሰማለሁ፤ የመጨረሻዋ «ት» ትጠፋብኛለች። ሲስፕላቲን የውስጠኛውን ጆሮ ጥቃቅን ሕዋሳት ይገድላል፣ የሞቱትም አይተኩም። ሕክምናው ሳይጀመር ጆሮዬን የለካኝ የለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልትጀምሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ተለኩ፤ ለውጡ ቶሎ ይታወቃል።

ዘጠኝ ወር የተጠቀምኩበት የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ ነው፣ ለሁለቱም ጆሮ፣ ባለ 13 ቁጥር ባትሪ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ጭንቅላቴን ይበጠብጠኝ ነበር። ወር ሲሞላው ለመድኩት። አንድ እሁድ ቡና ስቆላ ፍሬው ምጣዱ ላይ ጣ ጣ ሲል ሰማሁ። ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር። እጄ ቆመ፣ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። እናቴ «ኧረ አሳረርሽው!» አለች። እሱንም ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

እንከኑ ባትሪው ላይ ነው። ከሽምብራ አይበልጥም። ብርቱካናማዋን ልጣፊ ትልጣለህ፣ አየር እንዲገባው አንድ ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ትንሿ በር ውስጥ ትከታለህ። ለደህና ጣት ቀላል ነው። የእኔ ጣት ግን መያዝ አለመያዙን አያውቅም። ባትሪው ይወድቃል፣ ሶፋ ሥር ይገባል። ማግኔት ያላት ማውጫ አለች፣ ያለቀውን ለማውጣት ትረዳለች። አዲሱን መክተት ግን የጣት ሥራ ነው። በየአስር ቀኑ ገደማ ይሄው ነው። የሸጡልኝ ሰዎች ጆሮዬን በደንብ ለኩት፣ እጄን ግን አላዩም። በኬሞ ምክንያት ጣታችሁ የደነዘዘ ቻርጅ የሚደረገውን ጠይቁ። መብራት ይጠፋል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ ብገዛ እሱን ነው የምገዛው።

ሌላው ትንንሽ ነው። ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ ያፏጫል። ቤተ ክርስቲያን ነጠላ ስከናነብ ጨርቁ እየነካው ይንኮሻኮሻል። ጸበል ስገባ አወልቀዋለሁ።

ሕመሙን በተመለከተ መስሚያው ምንም አያደርግም፤ ግን ሁለቱ ይነካካሉ። እግሬ ሲለበልበኝ ባደረበት ቀን ሰው ማዳመጥ ያደክመኛል። ያን ቀን ከሰዓት ላይ አወልቄ እተኛለሁ፣ ቤተሰቤም ለምዶታል። ቀን ቀን ጆሮዬ ውስጥ ያለው ጩኸት ከመስሚያው ጋር ይቀንስልኛል፣ ማታ ሳወልቀው ይመለሳል። ሐኪሜ ያዘዘችልኝ አሚትሪፕቲሊን ሕመሙን ሙሉ በሙሉ ባያጠፋውም እንቅልፍ ይሰጠኛል።

ድምፁ ላይ ቅሬታ የለኝም። ልጄ ከጓዳ ስትጠራኝ «አቤት» እላለሁ፣ ድሮ መጥታ ትከሻዬን ነበር የምትነካው።

ይህን ስጽፍ የግራው ባትሪ አልቋል። ልጄ ከትምህርት ቤት የምትመጣው አስር ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ በቀኝ ጆሮዬ ብቻ ነኝ።